እሜቴን በአዲስ ልንለውጣቸው ስንል

ስኖሞቢል አለኝ። ቀስ ብላችሁ ሳቁ፤ ብቻዬን አይደለሁም፣ ከጓደኛዬ ከጀማል ጋር በጋራ ነው። ምንድነው እሱ ለምትሉ፣ በበረዶ ላይ የሚሄድ ሞተር ሳይክል በሉት፤ ከፊቱ ሁለት መንሸራተቻ፣ ከሥሩ እንደ ታንክ የሚዞር ሰንሰለት አለው። የምኖረው ኦክላንድ ነው። ኦክላንድ ውስጥ በረዶ የሚገኘው ፍሪጅ ውስጥ ነው። ጀማል ደግሞ ሳን ሆዜ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ሰው በታኅሣሥ በቲሸርት ይሄዳል። በዚያ ላይ እኔ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ እሱ የሐይቅ። አሜሪካ እስክንመጣ ድረስ በረዶ ሲባል የምናውቀው ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሮጠን ለቅመን አፋችን ውስጥ የምንከተውን ነው። ታዲያ ሁለት የወሎ ልጆች ስኖሞቢል ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋችሁ ብትሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ ይሉኝታ።

እኔ የምሠራው አረጋውያንን ከቤት ወደ ሐኪም በሚያመላልስ ቫን ላይ ነው። ከማመላልሳቸው አንዱ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ፈረንጅ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸውን ለቀው ልጃቸው ጋ ሊገቡ ሲሉ ዕቃ ላግዝዎት ብዬ ሄድኩ። ጀማልንም ይዤው ሄድኩ፤ ለሶፋ የሱ ትከሻ ይሻላል። ሰውዬው ጋራዡ ውስጥ አንድ ሸራ ገለጥ አደረጉና ማሽኗን አሳዩን። «እንዴት ነች?» አሉ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ሰው ንብረቱን አሳይቶ እንዴት ነች ሲል ምን ይባላል? «በጣም ቆንጆ ነች!» አልን፣ ሁለታችንም፣ እኩል። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የሚወዳት ሰው ስፈልግ ነበር የከረምኩት» አሉ። ጀማል አየኝ፤ አየሁት። ከዚህ በኋላ «አይ እኛ እንኳ ለወጉ ያህል ነው» ማለት ይቻላል? በርካሽ ሸጡልን፤ ከነተሳቢዋ፣ ከነሁለት ሄልሜቷ ይዘናት ወጣን። 

ሚስቴ ራቢያ ጋራዡ በር ላይ ቆማ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ። «ይሄ ነገር እህል ይፈጫል?» አለች።

አይፈጭም። ግን የመጀመሪያው ዊንተር ሳያልቅ በፍቅሯ ወደቅን። ማሽኗ ፎር ስትሮክ በሚባለው ሞተር የምትሄድ ነች። በረዶ ላይ የሚሄድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ቱ ስትሮክ የሚወድና ፎር ስትሮክ የሚወድ። ቱ ስትሮኩ ቀላል ነው፣ ይፈጥናል፣ ይጮኻል፣ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር እየጠጣ ሲያጨስ ይውላል። ፎር ስትሮኩ ከባድ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ቁልፍ ስታዞርለት ይነሳል፤ በቃ። የኛዋ በስድስት ዊንተር አንድም ቀን አልነሳም ብላ አታውቅም። አዲስ አዲስ ማሽን የያዙ ጎረምሶች ሲቆሙባቸው እየጎተተች ያወጣቻቸው ስንት ናቸው! እንዲህ ያለችውን አንቺ ማለት ከበደን። እሜቴ አልናት። እሜቴ ካልን ደግሞ አንቱ ማለት መጣ።

«እሜቴ ተነሱ?» ይለኛል ጀማል በስልክ።

«አልሐምዱሊላህ ተነስተዋል። ዘይታቸውንም ቀየርኩላቸው» እለዋለሁ።

አንድ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ «ሰሞኑን እሜቴን ትንሽ ያስላቸዋል» ስለው ጋሽ እንድሪስ ሰሙን። ጋሽ እንድሪስ ድሮ የአሰብ መንገድ ሾፌር የነበሩ፣ አሁን ኦክላንድ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ናቸው። በማግስቱ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዘው ቤቴ መጡ። «እናትህ መምጣታቸውን እንኳ ሳትነግረኝ! የት ነው የተኙት?» አሉኝ። ምን ላድርግ? ጋራዡን ከፈትኩላቸው። ጠጋ ብለው አዩ። ዞሯት። «እስቲ አስነሳት» አሉኝ። ካንዴላዋን ለውጬ ስለነበር ሳሉ ለቋታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጉርምርም ብላ ተነሳች። ጋሽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና «ጤነኛ ናቸው» አሉ። ብርቱካኑን መቀመጫዋ ላይ አስቀምጠው ሄዱ።

አሁን ስለ ጀማል ልንገራችሁ፤ የነገሩ ሥር እሱ ነውና። ጀማል ሳን ሆዜ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የሚሠራው። የሱ ሺፍትና የኔ ሺፍት ተማክረው የተጣሉ ይመስላሉ፤ አብረን ኦፍ የምንሆነው እሁድ ብቻ ነው። ያም ቢሆን በጋውን እሁድ እሁድ ሠርግ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ ዕቃ የሚያዛውር ሰው አይጠፋም። በዊንተር ግን እሁድ የእሜቴ ነው። ሱብሒ ሰግደን ተሳቢውን ቀጥለን በረዶ ወዳለበት ወደ ታሆ ተራራ እንነሳለን፤ አራት ሰዓት መንገድ፣ አራት ሰዓት ወሬ። ስለ ሐይቅ አሳ እናወራለን፣ ስለ አለቃው እናወራለን፣ አንዳንዴ ዝም እንላለን። እዚያ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ይቀመጣል። ዙህር በረዶው ላይ ሸራ ዘርግተን እንሰግዳለን። መጀመሪያ ሰሞን ውኃው እጅ ይቆርጥ ነበርና በውኃ ፋንታ በበረዶ ተየሙም ይቻላል አይቻልም እያልን ስንከራከር ሰዓቱ ሊያመልጠን ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ትልቅ ቴርሞስ ገዝተን ከስግደት በፊት የምንታጠብበትን የዉዱእ ውኃ ከቤት አሙቀን መሄድ ጀመርን። ሰግደን ስንጨርስ ዳቦና የተቀቀለ ዕንቁላል በልተን ቁጭ እንላለን። ወላሂ ያችን ሰዓት በምንም አልለውጣትም። ይህን ግን ለጀማል ነግሬው አላውቅም። ምን ተብሎ ይነገራል?

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው በስድስተኛው ዊንተር፣ ጥር ላይ ነው። ከዛፎቹ መሀል አንድ ቀይ አዲስ ስኖሞቢል እየጮኸ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። እኔ ተጎንብሼ የቤንዚን ጀሪካኑን ገመድ እያጠበቅኩ ነበር። ገመዱ እምቢ አለኝ። ቀና ስል ማሽኑ ተፈትልኮ ሄዷል፤ ጀማል ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የሄደበትን ያያል።

«ማሻአላህ» አለ። ትንሽ ቆየና «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ!» አለ።

ሦስት ጊዜ! ለእሜቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ማሻአላህ ብሎ አያውቅም። ስንመለስም መንገዱን ሙሉ ዝም አለ፤ አንዴ ብቻ በረጅሙ ተነፈሰ።  በቃ፣ እሜቴ ሰልችተውታል አልኩ። እሜቴ ካስጠሉት መምጣት ይተዋል፤ መጀመሪያ አንድ እሁድ ሺፍት ወሰድኩ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ እሁድ፤ ከዚያ በኋላ ጀማልን የማገኘው በዒድ ቀን መስጊድ ግቢ ውስጥ በሰው ትከሻ ላይ አጮልቄ ነው።

ለራቢያ ነገርኳት። «ለምን አትጠይቀውም?» አለችኝ።

ሳቅኩባት። ራቢያ ብልህ ሴት ነች፣ ግን አንዳንድ ነገር አይገባትም። አዲስ ማሽን ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ምን ይለኛል? «አይ፣ አልፈልግም» ይለኛል። አልፈልግም ያለው ስለማይፈልግ ነው ወይስ እኔን ላለማስቸገር? ላለማስቸገር ነው፤ ስለዚህ ይፈልጋል ማለት ነው። «እፈልጋለሁ» ካለኝ ደግሞ የጠየቅኩት እኔ ስለሆንኩ እኔን ደስ ለማሰኘት ብሎ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ሰምታኝ ስታበቃ ተነስታ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች።

ስለዚህ እንደ ጨዋ ሰው ዘዴ ፈጠርኩ። ማሽን ከሚሸጥ ዲለር ባለሥዕሉን መጽሔት አመጣሁና እሁድ መኪናው ውስጥ እግሩ ሥር ጣልኩት።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«እንዲሁ ሳልፍ አንስቼው ነው» አልኩ። ዲለሩ ያለው ዳብሊን የምትባል ሌላ ከተማ ነው። ከኦክላንድ ዳብሊን ድረስ እንዲሁ የሚታለፍበት ምክንያት የለም።

ጀማል ገለጥ ገለጥ አደረገው። ቀዩ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመች። «ቆንጆ ነው» አለ።

«ቆንጆ ነው፣ አይደል?»

«በጣም። አንተ ወደድከው?»

«አንተ ከወደድከው እኔ ምን ቸገረኝ።»

«ኧረ እኔማ አንተ ካልክ…»

«አይ፣ አንተ ካልክ ነው እንጂ።»

ይህን እየተባባልን ሦስት ከተማ አለፍን። ነገሩ በሁለት ሰው የሚያልቅ እንዳልሆነ ገባኝ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሽማግሌ ይላካል። ሚስት ለመጠየቅ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጋሽ እንድሪስ ቤት ሄድኩ። «ጋሼ፣ ጀማል ጋ ሄደው ልቡን ይወቁልኝ። አዲስ ማሽን ቢገዛ ደስ ይለው እንደሆነ ብቻ። እኔ እሜቴን እንደምወድ ግን እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ። ሰምቶ ይተወዋል። እኔ አዲስ ይገዛ እንዳልኩ ብቻ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«ሆድህ ግን እሜቴ ላይ ነው» አሉ።

«ነው።»

«አፍህ ግን አዲሱ ላይ።»

«አዎ ጋሼ።»

«መልካም» አሉና ኮታቸውን ለበሱ። ጋሽ እንድሪስ መኪና ከነተሳቢው ይዘው ስንት ዓመት የአሰብን በረሃ የተመላለሱ ሰው ናቸው፤ እዚህ ፍሪዌይ ላይ ግን መሪ አልጨብጥም ብለዋል። «እዚህ አገር ሰው ጡሩምባ አይነፋም። ምን እንዳሰበ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ስለዚህ ሳን ሆዜ ድረስ በአውቶቡስ ሄዱ። ሁለት ቀይረው። በዚያ ዕድሜያቸው። ለስኖሞቢል።

ማታውኑ ኮል አደረጉልኝ። «አዲሱ ይገዛ ብሏል። መርቄያለሁ» አሉኝ።

«ደስ እያለው ነው ያለው?»

«ልጄ፣ ይገዛ ብሏል። ፊቱን ፎቶ አንስቼ ላምጣልህ?»

በቃ። ያቺን ሌሊት ትራሴን ስገለብጥ አደርኩ እንጂ እንቅልፍ የሚባል ባይኔ አልዞረም። ጋራዥ ወርጄ እሜቴን ላያቸው ፈልጌ ደግሞ ምን ብዬ ነው ፊታቸውን የማየው አልኩ።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ዲለሩ አሮጌውን ተቀብሎ በአዲስ ስለሚለውጥ፣ ዳብሊን ሄድን። ሻጩ ገና በር ላይ ሳለን ውኃ አመጣልን፤ ሲስቅ ድዱ ድረስ የሚታይ፣ ደስ የሚል ወጣት ነው። ውኃውን እንደጠጣሁ አለቀልኝ፤ የሰው ውኃ ጠጥቼ አልገዛም ብዬ ልወጣ ነው?

«አሁን ያላችሁ ምንድነው?» አለን። ነገርነው። «ችግር አለባት?»

«የለባትም» አልኩ።

«ዘይት ታንጠባጥባለች?»

«ኧረ ጠብታ!»

«አልነሳም ብላ ታውቃለች?»

ጀማል ፊቱ ተለዋወጠ። «እሳቸው?» አለ ባማርኛ፣ ወደኔ ዞሮ። «እሳቸውን ነው እንዲህ የሚላቸው?»

ሻጩ ግራ ገባው። «ታዲያ ለምንድነው የምትለውጧት?» አለ።

አያችሁ፣ ፈረንጅ እንዲህ ነው፤ ደረትህን ከፍቶ እጁን ይከታል። ጀማል እኔን አየ። እኔ ጣራውን አየሁ። «ጊዜው ሄዷል» አልኩ በመጨረሻ። ጀማልም «ልክ ነው፣ ሄዷል» አለ። ሻጩ በዚህ ረካና ቀዩ ጋ ወሰደን።

ቀዩ እንደ ተርብ የቀጠነ ነው። ሻጩ ስለ ፍጥነቱ አወራ፣ ስለ ስክሪኑ አወራ፣ መያዣው እጅ ያሞቃል አለ። እኔ ዓይኔ መቀመጫው ላይ ቀረ። አጭር ነው።

«ሁለተኛው ሰው የት ነው የሚቀመጠው?» አልኩት።

«የአንድ ሰው ነው እኮ። ሁለት ሰው የሚይዝ ከፈለጋችሁ እዚያ ጋ አለ፤ ግራጫው።»

ግራጫው! ጀማል ሦስት ጊዜ ማሻአላህ ያለው ለቀይ ነው፣ ግራጫ ምን ያደርግለታል? «አይ፣ ቀዩ ይሁን» አልኩ፣ ጀግና ሆኜ።

«ችግር የለም» አለ ጀማል ቀስ ብሎ። «አንተ ትነዳለህ፣ እኔ ቆሜ አይሃለሁ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! አንተ ትነዳለህ፣ እኔ መኪናው ውስጥ ሆኜ እጠብቅሃለሁ።»

«አይሆንም፣ ብርድ አልፈራም እኔ። እቆማለሁ።»

በአላህ፣ የምንባባለውን ስሙት። አራት ሰዓት ነድተን ሄደን አንዳችን በረዶ ላይ ተገትረን አንዳችን ሲበር ልናይ ነው! እሁዳችንን አተርፋለሁ ብዬ እሁዳችንን በገዛ እጄ እያረድኩት እንደሆነ እዚያው ቆሜ ታወቀኝ።  ግን ጀማል ፈገግ ብሎ ቆሟል፤ ደስ ያለው መሰለኝ። ፈገግታው እንደ ፓስፖርት ፎቶ ድርቅ ያለ እንደነበር አሁን ነው የማስታውሰው። ሻጩ ቀጠሮ ሰጠን፤ በሳምንቱ እሜቴን ይዘን ስንመጣ አስረክበን፣ ፈርመን፣ ቀዩን ጭነን እንሄዳለን።

ያን ሳምንት እሜቴን አጠብኳቸው። ሰንሰለታቸውን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ። ራቢያ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። «የራሴ ብሩሽ እንዳይሆን ብቻ» አለችና ትንሽ ቆይታ «አሁንም ጠይቀው» አለችኝ። መፈተጌን ቀጠልኩ።

እሁድ ደረሰ። ዳብሊን እስክንደርስ ስለ አየሩ አወራን፤ እኔና ጀማል ስለ አየር ስናወራ ያ የመጀመሪያችን ነው። ሻጩ ውኃ አመጣ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። እሜቴ በሁለታችንም ስም ስለሆኑ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል።

«በል ፈርም» አልኩት ጀማልን።

«አንተ ቅደም እንጂ።»

«ኧረ አንተ እያለህ!»

«በሞቴ፣ አንተ ታላቄ ነህ።» በሁለት ዓመት እበልጠዋለሁ።

«በአላህ፣ አንተ ቅደም።»

እስክሪብቶው ከኔ ወደሱ፣ ከሱ ወደኔ ሲመላለስ ሻጩ አንገቱን እንደ ቴኒስ ተመልካች ያዞር ነበር። በኋላ ሰለቸውና «ጋይስ፣ ቁርሴን በልቼ ልምጣ» ብሎ ተነሳ። ጀማል «መጣሁ፣ ሽንት ቤት» አለ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ብቻዬን ስቀር እግሬ ራሱ ወደ ውጭ ወሰደኝ፤ እሜቴን የመጨረሻ ልሰናበታቸው።

ተሳቢው ጋ ስደርስ ጀማል ከወዲያ በኩል ተንበርክኳል። ጎማ የሚያይ መሰለኝ። እጁን እሜቴ ላይ ጭኖ እያወራ ነው።

«አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እሜቴ» ይላል። «እኔ አይደለሁም። እኔ ብሆን እዚህ አላመጣዎትም ነበር። እሱ ነው የፈለገው፤ እምቢ ብል ቅር ይለዋል።»

ባለሁበት ደረቅኩ። «ማነው የፈለገው?» አልኩ።

ዘሎ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል። «አንተ ነሃ!»

«እኔ? እኔ! አንተ ነህ እንጂ! ተራራው ላይ ሦስቴ ማሻአላህ ያልከው ማነው?»

«ለምኑ?»

«ለቀዩ ማሽን ነዋ!»

«ለየትኛው… ለነጂዋ ሴትዮ!» ብሎ ጮኸ። «ሄልሜታቸውን ሲያወልቁ አላየህም? ፀጉራቸው ጥጥ! የእናቴ እኩያ! እናቴ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ መውጣት ትፈራለች፤ እሳቸው ያን ነገር ይዘው ተራራ ይወጣሉ። ማሻአላህ አልኩ! እናቴ ትዝ አለችኝ። ምን ልበል ታዲያ?»

ገመድ ሳጠብቅ ስንት ነገር እንዳለፈኝ ተመልከቱ። «መጽሔቱን ስታይስ? ቀዩ ጋ ጣትህ ቆመች» አልኩት።

«ያመጣኸው አንተ! ዳብሊን ድረስ ሄደህ! እኔ የቆምኩት በዚህ ላይ ሁለታችን እንዴት ነው የምንቀመጠው ብዬ ነው።»

«ለጋሽ እንድሪስስ ይገዛ አላልክም?»

«ጓደኛህ አዲስ ይገዛ ብሏል ብለው መጡ! ሽማግሌ ልከህ እምቢ ልበል?»

ወዲያው ስልኬን አውጥቼ ጋሽ እንድሪስ ጋ ደወልኩ። በስፒከር። «ጋሼ፣ ጀማል እሜቴን አልሸጥም ብሎዎት ነበር?» አልኳቸው።

«አልሸጥም አላለም። እሜቴን እንደሚወድ አጫወተኝ፣ እንዳይነግሩት አደራ አለኝ፣ ከዚያ ይገዛ አለ» አሉ። «አንተም እሜቴን እንደምትወድ አጫወትከኝ፣ እንዳይነግሩት አልከኝ፣ ይገዛ አልክ። ሁለት አደራ በሆዴ ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ሁለት ሰው ባንድ አፍ ይገዛ ካለ ሽማግሌ መመረቅ ነው እንጂ ያለበት መመርመር ነው? ፖሊስ ነኝ?» ብለው ዘጉት።

ተያየን። መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ተሳቢውን ተደግፈን፣ ሆዳችንን ይዘን፣ ጀማል ደግሞ እንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ ሻጩ ሳንድዊቹን ይዞ በመስኮት እያየን ሳቅን።

ስንጨርስ ጀማል ፊቱን ኮስተር አደረገ። «ከተናገርን አይቀር አንድ ነገር አለኝ» አለ።

«በል።»

«ትቆጣለህ።»

«አልቆጣም፣ ወላሂ።»

«ከኋላ መቀመጥ አልወድም። ስድስት ዊንተር ሙሉ ያየሁት ተራራ የለም፤ ያየሁት ያንተን ጀርባ ነው። መንዳት እፈልጋለሁ።»

«እና ለምን ዝም አልክ?»

«በመጀመሪያው ቀን ታላቄ ነህ ብዬ አንተ ንዳ አልኩህ። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ደስ ብሎህ የምትነዳ መሰለኝ።»

እኔ ምን ልበላችሁ! ተሳቢው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። መንዳት እፈራለሁ እኮ። ቫን ሌላ ነው፤ ቫን በአስፋልት ነው። በረዶ ላይ ግን ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር መያዣውን አንቄ ነው የምይዘው፣ ማታ ትከሻዬ ተሳስሮ ራቢያ ቅባት ታሸኛለች። ስድስት ዓመት ሙሉ አንተ ንዳ ተብዬ ተከብሬ እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ነው። ይህን ሁሉ ነገርኩት።

አሁን የቀረው ሻጩ ነው። የሁለት እሁድ ውኃውን ጠጥተን እንዴት ብለን ነው የምንነግረው? ለሩብ ሰዓት ተማከርን። እናት ታመሙ እንበል? ሥራ ተባረርን እንበል? በመጨረሻ ጀማል ተላከና አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔ ከኋላው እንደ ሐዘንተኛ ተከተልኩ።

«ሐሳባችንን ቀየርን። በጣም ይቅርታ። በጣም በጣም ይቅርታ» አለ ጀማል።

«ኖ ፕሮብለም» አለ ሻጩ፤ ሳንድዊቹን ጎረሰ።

በቃ! ኖ ፕሮብለም! አልተቀየመም፣ አላዘነም፣ ቅር እንኳ አላለውም። ለሰባት ቀን ሌሊት እየተነሳሁ ጣራ ያየሁበት ነገር በአንድ ጉርሻ መሀል አለቀ። እኛ ግን ባዶ እጃችንን መውጣት አልሆነልንምና ለእሜቴ አዲስ ሸራ ገዛን።

ሰዓቱ ገና ነበር፤ ቀጥታ ወደ ተራራው ነዳን። እዚያ ስንደርስ ጀማል ከፊት ወጣ፣ እኔ ከኋላው ተፈናጠጥኩ። ቁልፉን አዞረ፤ ተነሱ። ያ ዝምተኛ፣ ያ ሰው አክባሪ የምለው ጀማል ለካስ ፍጥነት ወዳጅ ነው! ወገቡን አቅፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ ቀራሁ። ትንሽ ቆይቼ አንድ ዓይኔን ገለጥኩ። ቁልቁለቱ ቁልቁለት ነው፣ ግን የኔ ጉዳይ አይደለም። ዛፎቹን አየሁ። ቀበሮ የሚመስል ነገር ሲሮጥ አየሁ። ለካ አገሩ እንዲህ ያምራል!

ሰግደን፣ በልተን፣ ደግሞ ሄድን። ፀሐይ ዘንበል ስትል እግሬ መደንዘዝ ጀመረ። ድሮ ቢሆን «አንተ ከደከመህ እንመለስ» እል ነበር። ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት፤ አቆመ።

«በርዶኛል። እንግባ» አልኩት።

ጀማል ዞሮ አየኝ። ከንፈሩን ላስ አደረገ። ቃሉ አፉ ውስጥ ሲገላበጥ ይታያል። «እኔ አልፈልግም» አለ።

 እሱ የተናገረው ራሱን አስደንግጦታል።

«ምን አልክ?»

«አልፈልግም። አንድ ዙር ልሂድ።»

«እኔ እኮ ጣቴ አይሰማኝም።»

«ገባኝ። ግን አንድ ዙር።»

አንዱ ዙር ሦስት ሆነ። አፍንጫዬን በጓንቴ እየዳበስኩ መኖሯን አረጋግጥ ነበር። ቤቴ ስገባ ገና ጥርሴ እየተንገጫገጨ ለራቢያ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንግባ ስለው እምቢ እንዳለኝ፣ ብርድ ላይ እንዳቆየኝ፣ ሁሉንም።

«ውይ! እና ተጣላችሁ?» አለችኝ።

«ኧረ ምን በወጣን!» አልኳት። «ገና መተዋወቃችን ነው።»